ምንም አላየሁም ያልኩበት ጠዋት

ሰው ስለ ሰማይ ጉድ ባወራ ቁጥር «መንግሥታት ለምን ይደብቃሉ?» ይላል። ከጀርባው ትልቅ ምስጢር ያለ ይመስለዋል። ኤዲያ! እኔም ደብቄ አውቃለሁ፤ ምስጢርም አልነበረኝም።

በሰው አገር፣ ሀራሙስ በሚባል የባሕር ዳር ሰፈር፣ አንድ የፈረንጅ ሹም ቤት ነበር የምሠራው። ሙቀቱ ሳይብስ ብዬ ገና ሲነጋ ጣሪያ ላይ ልብስ አሰጣለሁ። አንድ ቀን ከባሕሩ በላይ ግራጫ ክብ ነገር ቆሞ አየሁ። ክንፍ የለው፣ ድምፅ የለው። የጦር አውሮፕላን እዚህ አገር ከቁራ ይበዛል፣ ሰልችቶኛል፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። አንድ አንሶላ አስጥቼ ሌላውን እስካነሣ ቆየና ሽቅብ ተወርውሮ ጠፋ። አማተብኩና ወረድኩ፤ ቁርስ ገና አልቀረበም።

በሩ ላይ ዘበኛው ጠበቁኝ። የድሬዳዋ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። መጻፍ ስለማይችሉ፣ ሲጠብቁ ያዩትን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይነግሩኝና መዝገቡ ላይ በፈረንሳይኛ እጽፍላቸዋለሁ።

«ጻፊ ልጄ፤ ወላሂ ባሕሩ ላይ ሳህን የመሰለ ነገር ቆሞ ነበር» አሉኝ።

ጻፍኩ። እኔም አይቻለሁ ግን አላልኳቸውም። ዝም አይነቅዝም ብዬ።

ሙሴ የምለው አሠሪዬ መዝገቡን አንብቦ ሳቀ። ከሥራ ሲመለስ ግን ሳቁ የለም፤ ገጹን ቀደደው። «ሰማይ ላይ ምንም አልነበረም ተብሏል» አለ። ማን እንዳለው እንጃ። አባባ «ያየሁትን አላየሁም አልልም» ብለው ድርቅ አሉ። ጫት ነው ያሳያቸው ተባለ። እውነትም ሲቅሙ ነው የሚያድሩት። ጫት የማልቀምስ እኔ ነኝና ተጠራሁ።

«አንቺ ጣሪያ ላይ ነበርሽ፤ ምንም አላየሽም፣ አይደል?»

ጥያቄው ከነመልሱ ነው የመጣው። የመኖሪያ ወረቀቴ ሊታደስ እሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«ምንም አላየሁም ሙሴ።»

አባባ በማግስቱ ተባረሩ። ፍራሻቸውን ጠቅልለው ሲወጡ ሚስቱ ማዳም ደጃፉ ላይ ቆማለች። ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ያስጨነቃቸው ሥራው አልነበረም።

«ልጄ፣ ለእኔ ብቻ እውነቱን ንገሪኝ። አይተሻል? ወይስ ጭንቅላቴ ነው የተነካው?»

በአማርኛ ነው የጠየቁኝ፤ ማዳም አንዲት ቃል አትሰማም። ልነግራቸው እችል ነበር። ግን አይቻለሁ ብል፣ ታዲያ ለምን አስባረርሽኝ ሊሉኝ ነው። አፈርኩ። አንዴ የለም ካሉ በኋላ አለ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን አወቅኩት።

«አላየሁም አባባ።»

ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንግዲያው ጫቱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልነካውም። ደግ አደረግሽ፣ ባትነግሪኝ አብጄ ነበር» አሉና እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።

አሜን አልኩ።