ቲቸር እንደገና

ተማሪ «ገባኝ» ሲል የሚያምን አስተማሪ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ደወል እየጠበቀ ነው። እኔ ደወል ጠባቂ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ገባችሁ?» እላለሁ፣ «አዎ!» ይሉኛል፣ «ጎበዞች!» ብዬ እወጣለሁ። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

ክፍሎቻችንን ከሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ወዲያ ሰባተኛ ክፍልን የሚያስተምሩት ሴትዮ ግን «ገባኝ» የምትለዋን ቃል ከክፍላቸው አባረዋት ነበር። «ከየት በኩል ነው የገባህ? በመስኮት?» ይላሉ። መስኮቱ መስታወት ስለሌለው እውነትም በዚያ ብዙ ነገር ይገባል። ልጁ ወይ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ይሠራል፣ ወይ «አልገባኝም» ይላል። «አልገባኝም» ላለ ልጅ ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭብለታል፤ እሳቸውም «እንደገና!» ብለው ከሀ ይጀምራሉ። ስማቸው በዚያው «ቲቸር እንደገና» ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን አንዱ ልጅ ግማሽና ሲሶን ደምሮ ሁለት አምስተኛ አመጣ። «አንተዬ! ግማሽ ዳቦ ይዘህ ሲሶ ተጨመረልህና ከግማሽ አነሰ? በመሃል ሌባ አለ፤ እንፈልገው!» አሉት። ሌባውን ሲፈልጉ ሁለት ክፍለ ጊዜ አለቀ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ «ወይ ጊዜ ማባከን!» እያልኩ ስቄባቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤታችን በግርግሩ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ገና መከፈቱ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ማገዶ ሆኗል፤ ዘጠና አንድ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይማራል። በላይ ያሉት አዘኑልንና ምን ላኩልን? ባነር! «ተስፋችን ብሩህ ነው» የሚል፣ አምስት ሜትር የሚሆን ጨርቅ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ጨርቁ እንኳ ቢቀደድ ለዘጠና አንድ መቀመጫ አይበቃም።

ቀጥሎ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ተባለ። የሚገመግመው ሰባተኛ ክፍልን ነው። ሴትዮዋ ቀድሞም «ተማሪዎቿ ምንም አይገባቸውም» ተብለው ተከሰዋል፤ አሁን ካልተሻሻሉ ክፍሉን ተነጥቀው ወደ ንብረት ክፍል ይሄዳሉ። ርዕሰ መምህራችን፣ ያ ጥላውን የሚፈራ፣ ራሱ መናገር ፈርቶ እኔን ላከኝ።

«እትዬ፣ ልጆቹ ለአንድ ቀን አዎ ቢሉ ምን ይጎዳዎታል?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ ይከፈታል ሲባሉ ከረሙ። እኔም ልጨምርባቸው? አልገባኝም ያለ ልጅ ነገ ተመልሶ ይመጣል። ገባኝ ያለው ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«ክፍሉን ይነጥቁዎታል እኮ!»

«እፈራለሁ። መቼ አልፈራም አልኩ?» አሉና የእጃቸውን ጠመኔ አራገፉ።

ሰውየው መጣ። ክራባቱ ከኛ ሰሌዳ ይሰፋል። ሰሌዳውን ዞር ብሎ ሳያይ፣ አንድ ደብተር ሳይገልጥ፣ ስለ ተስፋ ግማሽ ሰዓት ለፈለፈ። በመጨረሻም እጁን ዘርግቶ፣ «ግማሹ ወንበር ዘንድሮ ይመጣል፣ ግማሹ በሚቀጥለው ዓመት፣ የቀረው ሲሶ ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ይሟላል! ገባችሁ?» አለ።

«አልገባንም!» አለ ዘጠና አንድ ልጅ በአንድ አፍ።

ጉድ ፈላ! ከዚያማ ጭብጨባው! ከፊት የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ ተነስታ፣ «ግማሽና ግማሽ አንድ ሙሉ ነው። ሲሶው ከየት መጣ?» አለችው። በቅንነት፣ ልታግዘው ፈልጋ፣ «እንደገና ይሞክሩ» ብላም ጨመረችለት። ሰውየው ክው አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እሱ ራሰ በራ ነው፣ ሁለቱም ደርሰውበታል። እኔ በበሩ በኩል ሳይ ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር።

ሰኞ ዕለት ቲቸር እንደገና ወደ ንብረት ክፍል ተላኩ፤ ከማገዶ የተረፈ የወንበር እግር ሊጠብቁ። ክፍላቸው ለኔ ተሰጠ። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ተመልሶ መጥቶ፣ «ያንተ ተማሪዎች ይገባቸዋል» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ኧረ ወዲያ!

ገባሁ። ክፍልፋይ አስተማርኩ። በለመደ አፌ «ገባችሁ?» አልኩ።

«አዎ!» አሉ ዘጠና አንዱም።

እውነት መናገር ምን እንደሚያስከፍል አይተዋላ! ይቺ ብቻ ሳትደገም ገባቻቸው። ያቺ ቀጭን ልጅም አዎ አለች፤ ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሳችም። አሥራ አንድ ዓመት ሲያስደስተኝ የኖረው «አዎ» ያን ቀን መረረኝ። በራሴ አፈርኩ። በመስኮቱ ሳይ ሰውየው ከርዕሰ መምህሩ ጋር ግቢው መሃል ቆሟል፤ መስታወት የለም፣ ሁሉም ነገር ይሰማል።

«እኔ አልገባኝም» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ቲቸርም አይገባውም እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ቀጭኗ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ አየች። ከዚያ ብቻዋን ማጨብጨብ ጀመረች።

«እንደገና፣ ቲቸር» አለች።

ሰሌዳውን አጥፍቼ ከግማሽ ጀመርኩ።