መለያ ያልገባበት ከረጢት

ወንድሟ በሞተ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የዛፍ ዘር ጠባቂዋ ሥራ ገባች። ጠረጴዛዋ ላይ መለያ የሌለው ከረጢት ጠበቃት።

ወንድሟ ዛፍ ላይ እየወጣ የባህር ዛፍ ፍሬ የሚለቅም ሠራተኛ ነበር፤ የሞተውም ወድቆ ነው። ከረጢቱ የዚያን ቀን ሥራው ነው ተባለ። እሱ ምንጊዜም ሁለት የመለያ ወረቀት ይጽፋል፤ አንዱን የከረጢቱ አፍ ላይ ያስራል፣ ሌላውን ከዘሩ ጋር ውስጥ ይከታል። ያስለመደችው እሷ ናት። «እትዬ፣ ስሞት እንኳ ግንባሬ ላይ መለያ ሳትለጥፊ አታስቀብሪኝም» እያለ ይቀልድባት ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በስሙ የተመዘገበ ድብልቅ ዘር አንድም የለም።

እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ፈለገች። ወረቀት የለም።

«እህቴ፣» አለ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ፣ «መለያ የሌለው ይቃጠል ያልሽው አንቺ ነሽ። አምና የእኔን እንኳ አልማርሽም።»

«መጀመሪያ ዘርቼ ልየው። የተላከው ሳሊግና ባህር ዛፍ ሊለቅም ነው፤ ሳሊግና ብቻ ከሆነ የመጨረሻ ሥራው ተብሎ በስሙ ይመዝገብ። ካልሆነ ይቃጠላል።»

ኃላፊው ፊቷን አይቶ በሩን ዘግቶላት ሄደ።

የሳሊግናም የቀይ ባህር ዛፍም ዘር ከገለባው ጋር ሲሆን እንደ ትንባሆ ብናኝ ነው፤ ዓይን ይሸውዳል። በወንፊት ነፋችው፣ ነጭ ወረቀት ላይ በወረንጦ ለቀመችው። ትንፋሽ ይበትነዋልና እንባዋ ሲመጣ ወንበሯን ወደ ኋላ ትስብ ነበር። መቶ ፍሬ ቆጥራ ከአሸዋ ጋር ሳጥን ላይ በተነች። ውሃ ከላይ ቢፈስበት ስለሚያጥበው፣ ሳጥኑን ውሃ ያዘለ ትሪ ላይ አስቀመጠችው፤ ከታች ይምጠጥ ብላ።

በዘጠነኛው ቀን መብቀል ጀመረ። በስድስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ተለየ፤ ስልሳ አራቱ ሰፊና አረንጓዴ ሳሊግና፣ ሃያ ሁለቱ ጠባብና አመድማ ቀይ ባህር ዛፍ። ሦስት ጊዜ ቆጠረች።

ለቃሚዎቹን የሚያመላልሰው ሹፌር ሊጠይቃት ገብቶ ሳጥኑን ሲያይ ቆመ።

«ሁለት ዓይነት ነው» አለችው። «እሱ እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም።»

ሹፌሩ ቆቡን አወለቀ። «እትዬ፣ አትቆጪኝ። ሲወድቅ ከረጢቱም አብሮት ወደቀ፣ ፍሬው ተበተነ። ሆስፒታል አድርሰነው ስንመለስ እኔና መሰላል ያዡ ከመሬት ለቀምነው። ልፋቱ ሜዳ ላይ ይቅር? አጠገቡ ንፋስ የጣለው የቀይ ባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ነበር፤ እኛ ደግሞ ፍሬ ከፍሬ መች እንለያለን! አስጥተን፣ አራግፈን አመጣንልሽ።»

«ወረቀቶቹስ?»

«ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱም ተጽፈው። ሸሚዙ ደም ነክቶት ሆስፒታል ቀረ።»

«እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«ለቅሶ ላይ ሆነሽ? ከእሱ እጅ የመጣ ይምሰልሽ ብዬ ነው።»

መዝገቡን ገለጠች። ዝርያ፦ ድብልቅ። የተገኘበት፦ ከመሬት የተለቀመ። ውሳኔ፦ ይቃጠል። «ለቃሚ» የሚለው ላይ እጇ የለመደውን ስም ሊጽፍ ሄዶ ቆመ። «ሹፌርና መሰላል ያዥ» ብላ ጻፈች።

«እኛን አስበላሽን በያ!» አለ ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ።

«የለቀማችሁት እናንተ ናችሁ፤ እሱ አይደለም።»

ከረጢቱን ለማንም ሳትሰጥ ራሷ ወደ ማቃጠያው ይዛው ወጣች። ክብደቱ ሁለት ኪሎ አይሞላም፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቀምጣ አረፈች።