እሺ ያለችው ሴት

ጃፓናዊቷ ሳቺኮ መጽሐፍ የምትጽፈው ሰው ማጀት ገብታ፣ ሽንኩርት ልጣ፣ ሳህን አጥባ ነው። ታይላንድን፣ ኔፓልን፣ ጃቫን እንዲህ እየዞረች የእስያን ሰው ኑሮ ለጃፓኖች አስነብባለች። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ባሏን የሚሠራበት የመኪና ፋብሪካ ወደ አሜሪካዋ ኦሃዮ ሲያዛውረው፣ ዎርዝንግተን በምትባል ከተማ ቤት ይዛ «በቃ፣ አለቀልኝ» ብላ ነበር። ኋላ ግን ሚነርቫ ፓርክ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ የላኦስ ስደተኞችን አገኘችና ነፍስ ዘራች።

ከነሱ መሃል ባሏ የሞተባት ካምላ፣ ታይኛ ስለሚያግባባቸው፣ ማጀቷን ከፈተችላት። አንድ ቀን ጎመን እየከተፈች፣ ድንበር ጠባቂ የነበረው ወንድሟ ከአገር ስትሸሽ ባልደረቦቹን አታሎ ወንዙን በጀልባ እንዳሻገራት አጫወተቻት። ወንድሟ ዛሬም እዚያው አገሩ ነው፤ ያደረገውን እስካሁን ማንም አልደረሰበትም። ሳቺኮ ጻፈችው። ከመጽሐፉ ሁሉ ያማረው ምዕራፍም እሱ ሆነ።

ቶኪዮ ያለው አሳታሚ ሊያትመው ሲል ፍርሃት ያዛት። ስሙን ብትቀይረውም ወንዙንና ዘመኑን የሚያውቅ ሰው ሰውየውን አያጣውም። ወሬ ደግሞ እግር አለው። ከተያዘ መውጫ የለውም። መኪናዋን አስነስታ ካምላ ዘንድ ሄደች።

«የወንድምሽን ነገር መጽሐፉ ላይ ላውጣው?»

ካምላ ፈገግ አለች። «እሺ፤ ደስ ካለሽ።» ብድግ ብላም ገና ያልተነካው የሳቺኮ ሳህን ላይ ሩዝ ጨመረችበት። ቀና ብላ ግን አላየቻትም።

ሳቺኮ ጭንቀቷን ለጎረቤቷ ለሸዋረጋ ነገረቻት። ሸዋረጋ የእኛው አገር ሰው ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። «ኦኬ ብላሽ የለ እንዴ? ፐርሚሽን ከሰጠችሽ ምን ዎሪ ታደርጊያለሽ?» አለቻት። ይህን የምትለው እንግዲህ፣ ጠግባ እንኳ «ብዪ» ሲሏት እምቢ ማለት አቅቷት ሆዷን የሚያማት ሸዋረጋ ናት። ይሉኝታ የሚጫወተው በእኛ ብቻ ይመስለናል።

ሳቺኮ ግን ያን ሁሉ ዓመት በየሰው ማጀት የተማረችው ይህንኑ ነው፤ እንግዳ አስቀይሞ የማያውቅ ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ። አሁን ማወቋን ጠላችው።

ስልኩ ጮኸ። አሳታሚው ነበር፤ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። «ሴትየዋ እሺ ብላለች ወይስ አላለችም?»

«ብላለች» ብትል አልዋሸችም፤ ማንም አይፈርድባትም። ያለዚያ ምዕራፍ ደግሞ መጽሐፉን እንደማይፈልገው፣ ከእንግዲህም አብሯት እንደማይሠራ ቁርጡን ነግሯታል።

«እምቢ ብላለች» አለችው።

መጽሐፉ ቀረ። አሳታሚውም ዳግመኛ አልደወለላትም። በማግስቱ ካምላ ቤት ሄዳ፣ ነገሩን አቃልላ፣ «ያ መጽሐፍ አይወጣም፤ ትቼዋለሁ» አለቻት።

ካምላ ለምን ብላ አልጠየቀችም። የያዘችውን ጭልፋ አስቀምጣ ወለሉ ላይ ዘፍ አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።