ድንኳኑና አስታራቂው

ባሌን ካምፒንግ የሚባለው ነገር የያዘው በስልኩ በኩል ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ይውልና ማታ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ሰዎች ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለው ሻይ ሲያፈሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ያያል። እኔ ባዮሎጂ ስለማስተምር ጫካ ሲባል ቶሎ የሚመጣብኝ መዥገር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ለሥራ ከሄደበት ከሐዋሳ አረንጓዴ ድንኳን በብብቱ ይዞ ሲመለስ ፊቴ ብዙም አልበራም።

«ትምህርት ሲዘጋ ወንዝ ዳር እናድራለን» አለ።

«ቤታችን ምን ሆነ?» አልኩት።

ትንሿ ልጃችን ግን ድንኳኑን እዚያው ሳሎን ውስጥ ካልተከልን ብላ ቁም ስቅላችንን አሳየችን። ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ።

የሄድነው በገሱባ መንገድ ነው። ከሶዶ የተሳፈርንበት ሚኒባስ በየጉድጓዱ በዘለለ ቁጥር እግሬ መሃል ያስቀመጥኩት ድስት እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር። የአካባቢው ወጣቶች ተደራጅተው ወንዙ ዳር ያለውን ደን አጥረዋል፤ ለእንግዳ የሚሆን ሜዳ መንጥረው «የካምፕ ቦታ» የሚል ሰሌዳ ሰቅለዋል። ከእኛ በቀር እንግዳ የሚባል አልነበረም። ጉሬዛዎች ብቻ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከላይ ይታዘቡናል።

ባሌ መመሪያውን ማንበብ አላስፈለገውም፤ ቪዲዮ አይቷል። ከብዙ ላብ በኋላ ድንኳኑ ቆመ ቢባልም አንድ ጎኑ ወደ መሬት ተንጋዶ፣ ሊተኛ ፈልጎ ሐሳቡን የቀየረ በሬ ይመስል ነበር። ልጃችን ሳቀች። እኔማ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት።

ይህን ጊዜ ከአጥሩ ባሻገር ካለው ቤት አንዲት አሮጊት እናት መጡ። ድንኳኑን አዩ፣ ድስታችንን አዩ፣ ሣሩ ላይ በባዶ እግሯ የምትሮጠውን ልጅ አዩ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞረው ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው፣ «ማነው አንቺን ያባረረሽ?» አሉት።

በወላይትኛ ስንመልስላቸው ጭንቀታቸው ባሰ። የገዛ አገራቸው ልጆች ሆነን ሜዳ ላይ እንውደቅ!

«ማንም አላባረረንም፣ አዬ» አለ ባሌ። እኛ ዘንድ እናትን የምንጠራው እንዲህ ብለን ነው።

«ታዲያ ቤታችሁ ተቃጠለ?»

«ኧረ ደህና ነው። ሶዶ አለ።»

«የመንገድ ሠራተኞች ናችሁ?»

«አይደለንም፣ አዬ። ለመዝናናት ነው የመጣነው።»

አዬ ዙሪያቸውን ቃኙ። ማገዶ የለቀሙበት ጫካ ነው፤ ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩበት ወንዝ ነው። የሚያዝናና ነገር ፈልገው ያጡ መሰሉ። ከዚያ እኔን በክንዴ ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ይመታሻል?» አሉኝ።

ባሌ የያዘው ካስማ ከእጁ ወደቀ።

አይመታኝም ብልም አላመኑኝም። ሄደው ባለቤታቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ረጅም ሽማግሌ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። አዬ ቅርጫት ተሸክመዋል፤ እሳቸው ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘዋል። ቆመው ጸለዩልን። ከዚያ ግንድ ላይ ተቀመጡና፣ «በሉ፣ አስታርቃችኋለሁ» አሉ።

«አልተጣላንም እኮ፣ አባቴ» አለ ባሌ።

«ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው» አሉ በርኅራኄ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ተናገሪ። ምን በደለሽ?»

አፌን የከፈትኩት «ምንም» ልል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ሳይጠይቀኝ ዕቃ ይገዛል» አልኩ። «ሶፋውን ሲገዛ አልጠየቀኝም። ፍሪጁንም። ይህንን ድንኳንም። እኔ የምሰማው ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ ቤት የምኖር አልመስለውም።»

እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ባሌ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

«አንተስ?» አሉት ሽማግሌው።

ካስማውን አንስቶ ጭቃውን በእጁ ጠረገ። «ትስቅብኛለች» አለ። «ቅድም ልጄ ፊት እንኳ እንዴት እንደሳቀች! የምገዛው ደስ እንዲላት ነው። አስቀድሜ ብነግራት ገና ሳልገዛው ትስቅበታለች። ለዚህ ነው ዝም የምለው።»

ልክ ነበር።

«ታዲያ አልተጣላንም ስትሉኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ሥራው እንደሰመረለት ሰው ወደ ኋላ ደገፍ እያሉ። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፦ እሱ ከመግዛቱ በፊት ይንገረኝ፤ እኔም ከመሳቄ በፊት ጨርሼ ላዳምጠው። ተጨባበጥን። እጁ ጭቃ ነበር። ልጃችን አጨበጨበች፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

ዝናቡ የመጣው ገና እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ነው። ሁላችንም ተንጋግተን ያ ጠማማ ድንኳን ውስጥ ገባን። አዬ ቅርጫታቸውን ከፈቱ፤ ትኩስ የጎደሬ ቅቅልና ዳታ ነበር። ዳታው፣ ያ አረንጓዴ የቃሪያ ድቁስ፣ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋፍተን በላን። ዝናቡም ሊመሽ ሲል እንኳ አላባራም።

«ወገቤን ትንሽ ላሳርፍ» አሉና አዬ በነፋስ የሚሞላው ፍራሻችን ላይ ጋደም አሉ። ወዲያው አንኮራፉ።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። «እንዲህ ስትተኛ ካየኋት ቆየሁ» አሉ። «አትቀስቅሷት። ከብቶቹ ግን ብቻቸውን አያድሩም። እሳቱ አልጠፋም፤ ሂዱና እናንተ ቤት እደሩ። እኔ እሷን ትቼ አልሄድም።»

እንዲህ ሆነና ከሶዶ ድንኳን ተሸክመን መጥተን፣ ጣራና ግድግዳ ባለው ቤት፣ ላሞች ከበረቱ በኩል እየተነፈሱብን አደርን። ከብቶቹ በተነፈሱ ቁጥር ልጃችን ትስቃለች። «ይህም ካምፒንግ ይባላል» አለ ባሌ። ጨርሼ አዳመጥኩትና ሳቅኩ።

ጠዋት ስንመለስ ሁለቱም ድንኳኑ በር ላይ አንድ ጋቢ ለብሰው ወንዙን ያያሉ። አዬ ፊታቸው በርቷል። «ወንዙ እንዲህ ያወራል እንዴ!» አሉኝ። «ስንት ጊዜ ውኃ ቀድቼበት፣ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ ሰምቼው አላውቅ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዛሬም ታድራላችሁ አይደል?» አሉ፤ የሚያዩት ግን እኛን ሳይሆን ድንኳኑን ነበር።

ባሌ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረ። ራሴን ነቀነቅሁለት።

«እናድራለን» አላቸው። «ላሞቹን ግን ማን ያልባል?»

አዬ ከጋቢው ሥር እጃቸውን አወጡና ወደ እኔ ጠቆሙ።