ከብቅሉ ጋር የተሰጣ የባትሪ ድንጋይ

ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቴ አጠገብ፣ ከፀጉር ቤቱ ውስጥ እንደ ተቆጣ ንብ የሚያጉረመርም ጊታር በሰማሁ ቁጥር ፀሐይ የመታው ብቅል ይሸተኛል፤ ሽታው የሚመጣው ከሩቅ፣ ቡሬ ገጠር ካለው የአባቴ ግቢ ነው።

መስከረም ሲጠባ ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ለትምህርት ፍኖተ ሰላም ይወርድ ነበር፤ እኔ ገና ትምህርት ቤት ስላልገባሁ በየበዓሉ እየመጣ ፊደል ያስቆጥረኝ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ግን በደብተር ፈንታ ካሴት ይዞ መጣ፤ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁመው፣ ክራር በተሰነጠቀ ድምፅ ማጉያ እያስጮኹ የቀዱት ነበር።

በየዐቢይ ጾሙ በገና የሚደረድሩት አባቴ ይህን ሲሰሙ፣ «አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው? እስቲ አሰማኝ። ጆሮዬ ከወደደው ወደ ፍኖተ ሰላም ትመለሳለህ፤ ካልወደደው ሞፈሩ ያውልህ!» አሉት።

እናቴ ከቴፑ ላይ ዳንቴሉን አነሳች። ድምፁ ተወዛወዘ፣ ራቀ፣ ቀረበ፣ ደግሞ ሰመጠ።

«ድንጋዩ ደክሟል» አሉ አባቴ።

«የለም አባዬ፣ ሆን ተብሎ ነው። ሳይኬደሊክ ሮክ ይባላል፤ ባሕር ማዶ የተወለደ፣ ድምፅ የሚያወዛውዝ ሙዚቃ ነው።»

«እንግዲያ ሲሻገር ውኃ ገብቶበት ይሆናል።»

በቤታችን የደከመ የባትሪ ድንጋይ አይጣልም ነበር፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነፍስ ይዘራል። እናቴ ድንጋዮቹን አውጥታ ለአስተርዮ ማርያም ጠላ ካሰጣችው ብቅል መሀል ደረደረቻቸው፣ እኔም ዶሮ ስከላከል ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ሲሞከር ድምፁ ያው ሆነ። ጎረቤታችን እማማ ስንዱ በአጥር ብቅ ብለው፣ «ይኸን ካሴት ዓይን በልቶታል፣ ጠበል ይረጭ!» ሲሉ ይበልጣል ዘሎ ቴፑ ፊት ቆመ።

ትክክሉን ልናገርና፣ ድንጋዩ እስከዚያች ሰዓት ደህና ነበር። በእውነት መድከም የጀመረው ያኔ ነው፤ ክራሩ እየተጎተተ፣ እየወፈረ ሄዶ በገና መሰለ፣ የይበልጣልም ቀጭን ድምፅ የሽማግሌ መነኩሴ ሆነ። ወንድሜ ፊቱን ሸፈነ። አባቴ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣

«አሁን ገና ተስተካከለ!» አሉ። «ይኸማ ለጾምም አይከፋ።»

ቴፑ አንዴ አቃስቶ ቀጥ አለ። እናቴ ፈጠን ብላ ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችው።

«ሂድ በቃ፣ ተመለስ» አሉ አባቴ፤ «ብቻ እንዳታፈጥነው።»

ዛሬ ይበልጣል ባሕር ዳር ሆኖ አዲስ የሠራውን ሁሉ በስልክ ይልክልኛል፤ ድምፁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ያለ ነው። ስልክ ደግሞ ሲሞት ድርግም ነው፣ እንደ ያኔው ቴፕ አርጅቶ፣ ተሰናብቶ አይሄድም። አባቴ ካረፉ ወዲህ ግን፣ ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ ምናልባት ይደክም እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋለሁ።