ሶል የቱ ጋ ነው?

ቤዝ ጊታር መጫወት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ያልተጫወትኩበት ሠርግ የለም፤ ሁሉንም ግን በጆሮዬ ነው። አዲሷ የባንድ መሪያችን ማዳም፣ «በሁለት ሳምንት ውስጥ ኖታ ማንበብ ያልቻለ ከባንዱ ይወጣል» ስትል ክው ብዬ ደነገጥኩ።

ከስልኬ ላይ ለመማር ታገልኩ። መስመሮቹ ላይ የተንጠለጠለው ጥቁር ነጠብጣብ ሁሉ አንድ ሆነብኝ።

ሁለቱ ሳምንት አልቆ በልምምዱ ቀን፣ ዘፈኖቹ የማውቃቸው ስለነበሩ የኖታ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ በቃሌ ተጫወትኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ትራምፔት ነፊያችን ሙሳ፣ ድሬዳዋ ያደገ ቁምነገረኛ ሰው ነው፤ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጽ ሲገልጥ እኔም ተከትዬው እገልጣለሁ። መሀል ላይ የጣሪያው ቬንቲላተር ነፋስ የሁለታችንንም ወረቀት በተነው። ለቃቅመን ቀጠልን።

ሁለት ዘፈን እንደተጫወትን ማዳም አስቆመችን።

«ቤዝና ትራምፔት ብቻ! ሦስተኛው ገጽ ላይ ካለው ሶል ኖታ ጀምሩ!»

 ወደ ሙሳ ጠጋ ብዬ ማዳም እንዳይገባት በአማርኛ፣ «ወንድሜ፣ ሶል የቱ ጋ ነው? በጣትህ አሳየኝ» አልኩት።

ጣቱን ገጹ ላይ ወዲያ ወዲህ አንከራተተ። ጎንበስ ብዬ የእሱን ወረቀት ሳይ፣ አናቱ ላይ በትልቁ በፈረንሳይኛ «ቤዝ» ይላል። የእኔን ባየው «ትራምፔት»። ሙሳም አየ።

«አንተም?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እኔም።»

የዘጠኝ ዓመት ሸክም ከትከሻዬ ወረደ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» ጮኸች ማዳም።

«ከመጀመሪያው ብንጀምረው ይሻላል!» አልናት በአንድ አፍ።