ያልተማሰለ ቡና

ይመር ስኳር ሲወድ ለጉድ ነው። ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው መጋዘን አብረውት ካርቶን የሚጭኑት ሰዎች፣ እረፍት ላይ ስኳሩን ቡናው ውስጥ ደጋግሞ ሲያራግፍ እያዩ «ይሄ ሰውዬ ሽሮፕ ነው እንዴ የሚጠጣው?» ብለው ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። የማያውቁለት ነገር ግን ነበር። ወሎ ውስጥ፣ እሱ ባደገበት ቤት፣ ቡና የሚጠጣው በጨው ነው። ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ እናቱ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይወጣል። በኋላ በስደት ካርቱም ሲገባ ሻይ ቤት ብርጭቆ አጣቢ ሆነ፤ የብርጭቆውን ሲሶ ስኳር የሚሞሉ ሰዎች መሀል ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ጣፋጭ ነገር በጠጣ ቁጥር አንድ ሰው ተነስቶ «ኖር!» ያለው ይመስለዋል።

እዚያ ሻይ ቤት አብሮት ብርጭቆ ያጥብ የነበረው ዘርይሁን ነው። ቶሮንቶም አብረው ገቡ፤ የመጀመሪያውን በረዶም አብረው ረገሙ። ዘርይሁን ተናኜን አግብቶ፣ ሔርሞን የምትባል ሴት ልጅም ወልዶ፣ ኢስት ዮርክ አፓርታማ ተከራየ። ይመር ሳያገባ ኤግሊንተን ዌስት፣ ከአንድ የጃማይካውያን ፀጉር ቤት በላይ ባለች ክፍል ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሰብዌይ ተሳፍሮ ወደ እነሱ ይሄዳል። ተናኜ ለሁለቱም እኩል ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምራ፣ ራሷ አማስላ ትሰጣቸዋለች። ሌላ ሰው ቤት ስኳሩን ያቀርቡልሃል፣ እንደፈለግህ ታደርጋለህ። እሷ ግን ማንኪያዋን ለማንም አትሰጥም።

ዘርይሁን የስኳር በሽታ እንዳለበት ካወቀ ቆይቶ ነበር፤ ለሚስቱ ግን ትንፍሽ አላለም። እሷ የሰማችው ኩላሊቱ ደክሞ ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ነው። ከዚያ አልጋ አልተነሳም። በለቅሶው ቀን ተናኜ እጇን ዘርግታ እያየች «በዚህ እጄ አማስዬ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» ስትል ቤቱ በሙሉ አብሯት አለቀሰ። «አላወቅሽም እኮ» ቢሏት፣ ቢሏት አልሰማ አለች።

አርባው ካለፈ በኋላ ይመር ቅዳሜውን ቀጠለ። እንደ ወንድሙ የሚያየውን ጓደኛውን ቤት ዘግቶ ሊቀር አይችልም። ተናኜ ስኒውን አቅርባ «አንተ እንኳ ጤነኛ ነህ፤ ለአንተ እንኳ ላማስልልህ» አለችው። ፊቷ ትንሽ ፈታ የሚለው እሱ ቡናውን ጭልጥ ሲያደርግ ስታይ ብቻ ነው። ይመርም ይህን አይቷል፤ ባይጠማውም ይደግማል።

በሁለተኛው ዓመት፣ በረዶው ሲከመር፣ ይመርን የማይቆርጥ የውሃ ጥም ያዘው። መጋዘኑ ውስጥ ከቧንቧው አልለይ አለ። ዓይኑም የካርቶኖቹን ጽሕፈት እያደበዘዘ ሲያስቸግረው ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ፣ ስኳር እንዳለበት፣ ካልተጠነቀቀም ለዓይኑ እንደሚያሰጋው ነገረው። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ዓይኑ ይጨነቅ ነበር። ለይመር የታየችው ግን ተናኜ ናት፤ ያቺ የተዘረጋች እጅ።

ለራሱ ሲሆን ጎበዝ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቡናውን ያለ ስኳር መጠጣት ያዘ። መጀመሪያ ላይ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ፣ ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚውጠው። በስኳር ፈንታ የሚደረገውን ትንንሽ ኪኒን ሞከረና ብረት ብረት ሲለው ተወው። እየቆየ ግን ምላሱ ረገበ። አንድ ጠዋት አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ቡናው ራሱ ጣዕም እንዳለው ታወቀው፤ ትንሽ የተቆላ ገብስ፣ ትንሽ ጭስ ይላል። ይህን ሁሉ ዘመን ስኳር እንጂ ቡና ሲጠጣ አልኖረም ለካ። ገረመው፤ ለመሣቅም ቃጣው።

ቅዳሜ ሲደርስ ግን ጉብዝናው በር ላይ ይቀራል። «ዛሬ እነግራታለሁ» ብሎ ይወጣል፤ ሰብዌይ ውስጥ ቃላቱን ያዘጋጃል፤ ተናኜ ማንኪያዋን ይዛ ስትመጣ ሲያያት አፉ ይያዛል። እንዲህ ሦስቱን ማንኪያ እየጠጣ ከረመ። ሐኪሙ ዘንድ ሲመለስ የደሙ ስኳር ጨምሮ ተገኘ፤ ሐኪሙም ተቆጥቶ «ዓይንህን አልፈለግከውም?» አለው። በመጨረሻ ይመር አንድ ዘዴ አመጣ። «ተናኜ፣ አሁን አሁን ሳይማሰል ነው የሚጥመኝ፤ አታማስዪው» አላት። ስኳሩ ታች ይዘቅጣል፤ እሱ ከላይ ከላይ ይጠጣና ቀሪውን ትቶ ስኒውን ይመልሳል። ተናኜ ትንሽ ቅር አላት፤ ማንኪያዋን ግን ሰብሰብ አደረገች።

ይህ ለጥቂት ጊዜ ሠራ። አንድ ቅዳሜ ግን እሌኒ መጣች። እሌኒ ከላይኛው ፎቅ የምትኖር ጎረቤት ናት። ልቧ ደግ ነው፤ አንድ ነገር ከሰማች ግን ከኢስት ዮርክ እስከ ኢቶቢኮ ከአውቶቡሱ ቀድማ ታደርሰዋለች። ገና ስትቀመጥ ዓይኗ ይመር ላይ አረፈ።

«ምነው ይመር፣ ከስተሃል? ዳየት ጀመርክ እንዴ?»

«ሥራ ነው። ኦቨርታይም በዛብኝ» አለ ይመር፣ ስኒውን ወደ ትሪው እየመለሰ።

እሌኒ አንገቷን ሰግጋ ስኒው ውስጥ አየች። «እዩት! ስኳሩ እንዳለ ታች ቁጭ ብሏል። ስማ፣ ቼክ አድርገሃል? አንተንም ያ ነገር እንዳይሆን ብቻ...»

ያ ነገር ምን እንደሆነ በዚያ ቤት ማንም አይጠይቅም። ይመር ተናኜን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ኧረ እሌኒ!» አለች ተናኜ፣ እየሣቀች። «እኔ ነኝ ሳላማስል የሰጠሁት፤ በወሬ ተይዤ። አምጣ ወዲህ ይመር፣ ቀይሬ ላምጣልህ።»

ስኒውን ወስዳ ወደ ኩሽናው ዞረች። ይመር የሚያየው ጀርባዋን ብቻ ነው። ውሃ ሲፈስ ሰማ፤ ቡናው ሲቀዳ ሰማ፤ ከዚያ ማንኪያው ስኒውን እየመታ ይዞር ጀመር። እንዲያ ጮክ ብላ አማስላ አታውቅም። አሁን እሌኒ ፊት እስከ ታች መጠጣቱ ነው። እምቢ ቢል ወሬው ዛሬውኑ ከተማውን ይዞራል፤ ከዚያ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ተናኜ በሰው ፊት መስማቷ ነው። አንድ ስኒ አይገድለኝም አለ በልቡ። ዘርይሁንም ይሄኔ እንዲሁ እያለ ይሆናል የጠጣው።

ተናኜ ስኒውን ሰጠችውና ፊት ለፊቱ ቆመች። «ጭልጥ አድርገው» አለችው።

ተጎነጨ። ቡናው መራራ ነው። አንዲት ፍሬ ስኳር የለበትም።

ቀና ሲል ዓይኗ ዓይኑ ላይ ነው። «ጣፈጠልህ?» አለችው።

«በጣም» አለ ይመር። እስከ አተላው ጠጥቶ ባዶውን ስኒ መለሰላት። እሌኒ አየችና ልቧ ዐረፈ፤ ወዲያው ስለ አንድ የሠርግ አዳራሽ ውድነት ማውራት ጀመረች።

እሷን ሸኝታ ስትመለስ ተናኜ ፊቷ ሌላ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ካለፈው ቅዳሜ። ስኒ የምታጥበው ሔርሞን አይደለች? ‹ማሚ፣ ጋሼ ይመር ሹገሩን ዌስት እያደረገ ነው እኮ፣ ሁሌ ታች ይተወዋል› አለችኝ። ሄጄ ባየው ስኳሩ እንዳለ አለ። ዛሬ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩህ። አንዲት ማንኪያ ብቻ አደረግኩልህ፤ አሁንም ‹አታማስዪው› አልክ።»

«ያ ሁሉ ለቅሶ እንዳይመለስብሽ ብዬ ነው፣ ተናኜ። አዝኜልሽ።»

«እሱም አዝኖልኝ ነው ዝም ያለው!» ጮኸች። «እዘኑልኝ ብያችኋለሁ? ንገሩኝ ነው እንጂ ያልኩት! እሱ ዝም ብሎ ጠጥቶ ሄደ፤ አንተም ዝም ብለህ ልትሄድብኝ ነው?» ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሲቆይ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች «እሱ ጠብታ አይተውም ነበር» አለች። «አንድ ቀን እንኳ እንደ አንተ ታች ትቶልኝ ቢሆን ኖሮ፣ አውቅ ነበር።»

ይመር እሷን የጠበቃት መስሎት፣ ለካ ያንኑ ቁስል ሲነካባት ነው የከረመው። «ፈራሁ» አለ በመጨረሻ። «በሽታውን አይደለም። ያንን ቡና እምቢ ካልኩ እዚህ ቤት ምን ብዬ እመጣለሁ ብዬ ነው። አንቺ በክብር ስትቀበይኝ...»

«አንተ ደግሞ እንግዳ ነህ እንዴ?» አለችው ተቆጥታ።

ይመር የእናቱን ሣጥን አስታወሰ፤ በወረቀት የተጠቀለለውን ስኳር። ያ ስኳር የእንግዳ ነበር፤ ለቤት ሰው አይወጣም። ስንት ዘመን ሙሉ ይህን በዚህ በኩል አላየውም ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላና ባዶውን ስኒ ከትሪው አንስቶ ዘረጋላት።

ተናኜ ቀዳችለት። እጇ ከልማዱ ወደ ማንኪያው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«ግድ የለሽም» አላት፤ «አንቺው አማስዪልኝ።»

ምንም የሌለበትን ቡና ቀስ ብላ አማስላ ሰጠችው።